ከቅጥሩ ውስጥ የቀረው ጥድ

ለሥራ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የማርፈው የካ ክፍለ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ነው። በቅርቡ ስመጣ ስብሰባው ከታሰበው ቀን ቀደም ብሎ አለቀና አንድ ቀን ተረፈኝ። ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ወርጄ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎበኘሁ። አራዊቱና አዕዋፉ ደርቀው ቆመዋል፤ ዐይናቸው ብርጭቆ ነው። ስወጣ አንድ ጥያቄ ተከተለኝ። እንስሳ ቢጠፋ ቆዳው ለትውልድ ይቀመጣል፤ ደን ሲጠፋስ ምን ይቀመጣል?

ደኑ የጠፋበት ተራራ ሩቅ አልነበረም። ከማርፍበት ቤት ደጃፍ ቀና ስል የማየው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

እንጦጦን ከሩቅ ያየ ሰው «የምን መጥፋት ነው?» ይል ይሆናል፤ ተራራው አረንጓዴ ነውና። ይሁን እንጂ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ላይ ከተሙ። ቦታው ለምሽግ የተመቸ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ አያስቀምጥም ነበር። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ግን እዚያው ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

ከተማ እህል ብቻ ሳይሆን እንጨትም ይበላል። ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ ሰፈር፣ የሠራዊቱ ጎጆ፣ ምጣዱና ጉልቻው ሁሉ እንጨት ፈላጊ ነበር። ጥዱ ለምሰሶና ለማገር፣ ወይራው ለማገዶ ተቆረጠ። ጥድ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው የማያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። ተራራው ተራቆተ።

በቀደመው ዘመን እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣ ነበር። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረዋል። አዲስ አበባ ግን አልተተወችም። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይላሉ። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቤት ይደርሳል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የዛሬዋ መዲና ባለዕዳው ናት።

ዕዳው ግን ያለ ወለድ አልሆነም። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። የከተማይቱን ምድጃ ለማንደድም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘሁ።

«እናቴ፣ አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ይከብዳል እንጂ ልጄ። እሱ ባይኖር ግን ልጆቼን በምን አሳድግ ነበር?» ብለውኝ አለፉ። እኔም ዛፉን ለመርገም የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁ።

ከዚያ እንጦጦ ራጉኤል ደረስኩ። ከቅጥሩ ውስጥ ያረጁ ጥዶች ቆመዋል። በእኛም አገር፣ በጣና ዳር በዘጌ፣ ደኑ የተረፈው በገዳማቱ ነውና ምሥጢሩ አልጠፋኝም። የታቦት ግቢ ዛፍ በዋዛ አይቆረጥም። አንድ ሽማግሌ ዛፉን አስደግፈውት ከነበረው በትራቸው ጋር ተነሡና፣ «አባቶቻችን ያኔ ተራራው ሁሉ እንዲህ ነበር ይሉን ነበር» አሉኝ።

የጠዋቱ ጥያቄዬ መልስ አገኘ። ደን ሲጠፋ የሚቀመጠው እንዲህ ነው፤ ጥቂቱን ፈርቶና አክብሮ የሚተው ሰው ካለ። ከሙዚየሙ የሚለየውም ይህኛው ገና መዝራት መቻሉ ነው። የጥዱን ፍሬ ወፍ ትበላለች፤ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች።

ስመለስ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ መካከል፣ አንዲት የስንዝር ጥድ አየሁ። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ከብት እንዳይረግጣት እሾህ አጥሮባታል።