የሕጻናት የመኪና መቀመጫ የደኅንነት ጥሪ ምንድን ነው? ወላጆችስ ምን ሊያደርጉ ይገባል?

የሕጻናት የመኪና መቀመጫ፣ ለአዋቂዎች የተሠራው የደኅንነት ቀበቶ በአግባቡ ሊይዘው የማይችለውን የሕጻን አካል በግጭት ጊዜ ደግፎ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ራሱ የአሠራር ጉድለት ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ አምራቹ ባለቤቶችን አስጠንቅቆ ጉድለቱን ያለ ክፍያ የሚያስተካክልበት አሠራር የደኅንነት ጥሪ ይባላል።

በአሜሪካ ከተደረጉት ጥሪዎች መካከል በስፋቱ የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2014 የተላለፈው ነው። ግራኮ የተባለው አምራች ዘለበታቸው ለመፍታት የሚያስቸግር ከ6 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎችን እንደሚያስተካክል አስታወቀ። የምግብ ፍርፋሪና የፈሰሰ መጠጥ ወደ ዘለበቱ ሲገባ መፍቻው ይጣበቅ ነበር። መኪናው በእሳት ቢያያዝ፣ ሕጻኑን ፈጥኖ ማውጣት አዳጋች ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔው ግን መቀመጫውን መጣል አልነበረም፤ ኩባንያው አዲስ ዘለበት በነጻ ይልክ ነበር።

በአገሪቱ ሕግ አምራቹ ጉድለቱን ባወቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ማሳወቅ አለበት። ግራኮ በወቅቱ ባለማሳወቁ በ2015 የ10 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል።

ማስጠንቀቂያው ለማን ይደርሳል?

በአሜሪካ ከእያንዳንዱ አዲስ መቀመጫ ጋር የመመዝገቢያ ካርድ ይሰጣል። ጥሪ ሲኖር መልእክቱ የሚላከው ስሙንና አድራሻውን ላስመዘገበ ባለቤት ነው። መቀመጫው ለሌላ ሰው ሲሸጥ፣ በስጦታ ሲሰጥ ወይም በውጭ ከሚኖር ዘመድ ወደ አገር ቤት ሲላክ ግን ማስጠንቀቂያው አብሮት አይጓዝም። ስለዚህ ያገለገለ መቀመጫ የተረከበ ሰው ራሱ ማጣራት ይኖርበታል።

መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

• በመቀመጫው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሚገኙትን የአምራቹን ስም፣ የሞዴል ቁጥርና የተመረተበትን ቀን መመዝገብ፤ ወረቀቱ የሌለውን መቀመጫ አለመቀበል።

• በእነዚህ መረጃዎች በአምራቹ ወይም መቀመጫው ለገበያ በቀረበበት አገር የደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ ላይ ጥሪ መኖሩን ማየት፤ በውጭ የሚኖር ዘመድም እንዲያጣራ መጠየቅ።

• ዘለበቱ በቀላሉ መቆለፉንና መፈታቱን ደጋግሞ መሞከር፤ ማሰሪያው አለመተልተሉን፣ ፕላስቲኩ አለመሰንጠቁን ማረጋገጥ።

• ከባድ አደጋ ያጋጠመውን ወይም የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበትን መቀመጫ አለመጠቀም።

• ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ሕጻንን ኤርባግ ባለው የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አለማስቀመጥ።

ጥሪ መኖሩ ሲታወቅ አምራቹ እስከ ጥገናው ድረስ የሰጠውን መመሪያ መከተል፣ ከተቻለም ሌላ መቀመጫ መጠቀም ይገባል። ሕጻኑን አውጥቶ በጭን ማቀፍ ግን መፍትሔ አይደለም። መኪና በድንገት ሲጋጭ የሚፈጠረውን ኃይል የወላጅ ክንድ፣ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ሊቋቋመው አይችልም።