ጥቁር ኮትቻ አፈር፦ ባሕርያቱና በግንባታ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር ኮትቻ አፈር በኢትዮጵያ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። ከዚህም ውስጥ 7 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ይገኛል። በአዳአና በበቾ ሜዳዎች ጤፍ የሚያበቅለው ይኸው አፈር በአዲስ አበባ ደቡባዊና ምሥራቃዊ አካባቢዎች የቤቶችን ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ የመንገዶችንም ጠርዝ ያፈርሳል።

አፈሩ በደጋው በአብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ መበስበስ የሚገኝ ነው። ይሁንና ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ሁለት የተለያዩ አፈሮች ሊፈጠሩ ይችላሉ። በተዳፋት ቦታ ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን እያጠበ ስለሚወስድ እምብዛም የማያብጠው ካኦሊናይት የሚበዛበት ቀይ አፈር ይፈጠራል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ንጥረ ነገሮቹ ተከማችተው ስለሚቀሩ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ማዕድን ይበዛል።

ሞንትሞሪሎናይት እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች የተደራረበ ሲሆን፣ ውሃ በንጣፎቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል። የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት የንጣፎች ስፋት በድምሩ እስከ 800 ካሬ ሜትር ሲደርስ፣ የካኦሊናይት ግን ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ጥቁር ቀለም ስለማበጥ ማረጋገጫ አይሰጥም፤ የማያብጥ ጥቁር አፈርም አለ።

ማረጋገጫው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 መሠረቱን የጣሉለትና አርተር ካዛግራንዴ እ.ኤ.አ. በ1932 መሣሪያ ያበጁለት ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። በሳህን ውስጥ በተለነቀጠው አፈር ላይ የተሰመረው ቦይ በ25 ምት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ሲገጥም ያለው የእርጥበት መጠን የፈሳሽነት ወሰን ይባላል። አፈሩ በመዳፍ ተድቦልቡሎ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ ሲደርስ መቆራረስ የሚጀምርበት የእርጥበት መጠን ደግሞ የልምጥነት ወሰን ነው። የሁለቱ ልዩነት ከ35 በላይ ከሆነ አፈሩ እጅግ የማበጥ ዝንባሌ እንዳለው ይወሰዳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሳህን፣ ወንፊት፣ ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም።

ይህ ምርመራ ሲታለፍ የሚፈጠረው ስህተት የታወቀ ነው። በየካቲት የተቆፈረ ኮትቻ እንደ ጡብ የጠነከረ በመሆኑ አስተማማኝ መሠረት ይመስላል። ሐምሌ ሲገባ ያው አፈር ያብጣል። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ከባዱ ሕንጻ ሳይሆን ቀላሉ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤትና የአጥር ግንብ የማበጥን ግፊት የሚቋቋም ክብደት የላቸውም። ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ይጀምራል፤ ምክንያቱም በሕንጻው ወይም በአስፋልቱ መካከል ያለው እርጥበት ብዙም ሳይለዋወጥ የዳር ዳሩ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። የሚያፈስ የውሃ ቧንቧና ከግድግዳው አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሁኔታውን ያባብሱታል።

ባሕርይውን በሙቀት መለወጥ ይቻላል። በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች አርሶ አደሮች አፈር ከምረው በማቃጠል ገብስ ይዘሩ ነበር። የተቃጠለው አፈር እንደ አሸዋ ስለሚላላ ውሃ ያሳልፋል፤ ሆኖም ለም የሚያደርገው ብስባሽና ናይትሮጅን አብሮ ስለሚጠፋ ማሳው ከጥቂት ምርት በኋላ ለዓመታት መተው ነበረበት።

በግንባታ የተለመደው መፍትሔ አፈሩን ቆፍሮ በተመረጠ አፈር መተካት ነው። ቦታው ሰፊ ሲሆን ግን ወጪው ስለሚከብድ ኖራ መቀላቀል ይመረጣል። የኖራው ካልሲየም ውሃ የሚስበውን ሶዲየም ይተካል፤ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ወደ 12 ነጥብ 4 ሲደርስም ከሸክላው የሚሟሟው ሲሊካና አሉሚና ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ በሲሚንቶ ውስጥ የሚገኘውን የመሰለ ማያያዣ ይፈጥራል። በአፈሩ ውስጥ ሰልፌት ካለ ግን ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው የጄምስ ሚቼል ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ በላስ ቬጋስ በኖራ የተጠናከረ የመንገድ መሠረት አብጦ ተበላሽቷል። በመሆኑም የኖራው መጠን ከመወሰኑ በፊት የሰልፌት ምርመራ ይደረጋል።