ስለ ሴራሚክ ብናኝ ትንሽ ታሪክ

ከቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ፊኒሺንግ ሥራ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን አንዱ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቆ አየሁ። እጁ ጥሩ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ግን በግራይንደር በደረቁ ነው የሚቆርጠው፣ ክፍሉ ዝግ ነው፣ አፍንጫው ላይ ምንም የለም። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ በማውቀው በኩል ልምጣ።

በ1556 (ከአዋጁ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አግሪኮላ የሚባል ጀርመናዊ ስለ ማዕድን ሥራ በታተመ መጽሐፉ፣ በካርፓቲያን ተራሮች ማዕድን ማውጫዎች አካባቢ እስከ ሰባት ባል አግብተው ሁሉንም የቀበሩ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። ባሎቹን የጨረሰው አቧራው ነው። እኛ አገር ያኔ ግራኝ አሕመድ ከሞተ ገና 13 ዓመቱ ነበር!

በ1700 ደግሞ ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያሳሰበው እሱ ነው። ስለ ድንጋይ ጠራቢዎች ሲጽፍ፣ አስከሬናቸውን የመረመረ ሌላ ሐኪም ሳንባቸው አሸዋ ሞልቶት እንዳገኘ ይጠቅሳል።

ነገሩ ሲሊካ ይባላል። አሸዋ ውስጥ አለ፣ ግራናይት ውስጥ አለ፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ውስጥም አለ። ልብሳችሁን የሚያነጣው ብናኝ አይደለም ዋናው ጠላት፤ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው ሳንባ ድረስ የሚገባው። እዚያ ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው አይድንም። ለቲቢም ያጋልጣል።

አሁን ወደ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ። በ1930 ሆክስ ኔስት በሚባል ቦታ ለኃይል ማመንጫ ውሃ የሚያሳልፍ ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ዘመኑ የሥራ አጥነት ዘመን ስለነበር ሰው ከየቦታው ጎረፈ፤ አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ድንጋዩ በሲሊካ የበለጸገ ነው። ውሃ እየረጩ መቦርቦር አቧራውን እንደሚቀንስ ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ግን በደረቁ ይፈጥናል ተብሎ በደረቁ ተቦረቦረ። በሽታው ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ነው የሚፈጀው፣ እዚያ ግን ሰዎች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ አለቁ። በኋላ የተሠራ ጥናት ሟቾቹን ቢያንስ 764 ያደርሳቸዋል። ጉዳዩ ኮንግረስ ፊት የቀረበው በ1936 ነው፣ ብዙዎቹ ከተቀበሩ በኋላ ማለት ነው።

ይሄ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ፤ አውስትራሊያ ለኪችን የሚነጠፈውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የከለከለችው ቆራጮቹ ወጣቶች ሳንባቸው እያለቀ ስለተቸገረች ነው።

እኛ ጋ አዋጅ 1156/2011 መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ብዙዎቻችሁ ግን በካሬ ሒሳብ ስለምትሠሩ «አሠሪው ማነው?» ቢባል መልስ የለም። ስለዚህ እስከዚያው፦ ቀጥታ ቁርጥ ከሆነ በእጅ መቁረጫው ጭራችሁ ስበሩት፣ ብናኝ የለውም ማለት ይቻላል። በውሃ የሚቆርጥ ማሽን ከተገኘም እሰየው። ተራ ግራይንደር ላይ ግን ውሃ አታፍስሱ፣ ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል። ግራይንደር ግድ ከሆነ ውጪ አውጥታችሁ ቁረጡ። ማስኩም ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ኤን 95 ይሁን፤ የኮሮናው ስስ ማስክ ለዚህ አይሆንም።

ማታ ክፍሉ ሲጠረግ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ይረጭ። ያን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ረዳቱ ነው፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ። ማስክ ስትገዙ ለእሱም ግዙለት።