ዜኒት ኢ፦ ባትሪ የማይፈልገው የድሮ ካሜራ

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለው የቤተሰባችሁ ቁምሳጥን ውስጥ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ከባድ ካሜራ ካለ፣ ፊት ለፊቱን እስኪ አንብቡት። ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ዜኒት ይዘው የመጡ አሉ።

ዜኒት ኢ ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮኖች ተመርቷል። ሁሉም ነገር በእጅ ነው። ማዞሪያውን ስትስቡ ፊልሙ ያልፋል፣ ሻተሩም ይወጠራል። ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ስለሆነ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ያስቸግራል። የብርሃን መለኪያው ከብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዕድሜ ስለሚደክም ግን ባታምኑት ይሻላል። ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ እንደ ብሎን ዞሮ ይወጣል፤ በአስማሚ ዛሬ ባሉት ዲጂታል ካሜራዎች ላይም ይገጠማል።

አደራ፣ ጀርባውን ዝም ብላችሁ እንዳትከፍቱ! ውስጡ ያልታጠበ ፊልም ካለ የአያት ሰርግ በአንድ አፍታ ተቃጠለ ማለት ነው። ቆጣሪው በእጅ ስለሚስተካከል ቁጥሩን አትመኑ። በግራ በኩል ያለውን የፊልም መጠቅለያ በቀስቱ አቅጣጫ በቀስታ አዙሩት። ከከበዳችሁ ፊልም ሊኖር ስለሚችል አቁሙና እንደተዘጋ በፊልም ይሠሩ ለነበሩ አንጋፋ ፎቶ አንሺ አሳዩት።