ስምና ሥፍራ፦ ከአራዳ ገበያ እስከ ዶሜይን መዝገብ

በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ያለው ሠፈር በብዙ ስም ይጠራል። አንዱ አራዳ፣ ሌላው አራዳ ጊዮርጊስ ይለዋል፤ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት የሆነው «ፒያሳ» የሚለው ስምም ከወረራው ዘመን ተርፎ እስከ ዛሬ ይነገራል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ በወረራው ዘመን በጠላት እጅ ተነሣ፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ሥፍራው ተመለሰ።

ለሙያችን ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የገበያው ታሪክ ነው። የከተማይቱ ዋና ገበያ የነበረው የአራዳ ገበያ በዚያው በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሆነ። ገበያው ቢነሣም አራዳ የሚለው ስም በቦታው ቀረ። በቀድሞው ስም ብቻ የሚመራ መንገደኛ ሥፍራውን እንጂ ገበያውን አያገኝም።

የኮምፒውተር መረብም እንዲህ ያለ ችግር ያውቃል። በመጀመሪያ የኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር በካሊፎርኒያ በአንድ ዝርዝር ይያዝ ነበር። መረቡ ሲሰፋ ዝርዝሩ ስላልበቃ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የመዝገብ ሥልጣንን ከላይ ወደ ታች የሚያከፋፍል ሥርዓት አቀረበ። የአገራችን ድርሻ የሆነው «ነጥብ ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለሙ ዋና መዝገብ ሠፈረ።

በዚህ ሥርዓት የአንድ ዶሜይን መላሾች፣ ማለትም ኔም ሰርቨሮች፣ በሁለት ቦታ ይጻፋሉ፤ በበላዩ መዝገብና በዶሜይኑ በራሱ መዝገብ። አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ለውጦ የራሱን መዝገብ ብቻ ቢያርም የበላዩ መዝገብ ጠያቂውን ወደ አሮጌው መምራቱን ይቀጥላል። አሮጌው ከተዘጋ መልስ ይዘገያል ወይም ይጠፋል፤ ካልተዘጋ ደግሞ ያረጀ መልስ ይሰጣል። በዚህም የተነሣ ለአንዱ የሚከፈተው ገጽ ለሌላው አይከፈትም፤ ለጨረታ የተላከ ደብዳቤም ወደ ቀድሞው ማሽን ሄዶ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። ችግሩ አንድ ጊዜ ታይቶ አንድ ጊዜ ስለሚሰወር ብዙ ጊዜ በስልክ መስመሩ ይሳበባል።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የበላዩ መዝገብ እነማንን እንደሚጠራ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የተጠሩት እያንዳንዳቸው ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ስሞቹና የመዝገቡ የእትም ቁጥር ይመሳከራሉ። የመላሹ ስም በዚያው ዶሜይን ሥር ከሆነ ቁጥሩም በበላዩ ዘንድ በትክክል መመዝገቡ ይታያል።

ጠያቂ ኮምፒውተሮች ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ 2 ቀን፣ ስለሚይዙ እርማቱ ወዲያው ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ አዲሱ መላሽ ከአሮጌው ጎን ይቁም፤ ሁለቱም መዝገቦች ይታረሙ፤ የመያዣው ጊዜ እስኪያልፍም አሮጌው አዲሱን መልስ እየሰጠ ይቆይ። የአራዳ ገበያ የተዛወረው በወራሪ ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ዶሜይን የሚያዛውር መሐንዲስ ግን ጊዜውም መሣሪያውም በእጁ ነውና አሮጌውን ማሽን ከማጥፋቱ በፊት ሁለቱን መዝገቦች ማመሳከር የሙያ ግዴታው ነው።