ሕጉ ያልደረሰለት ፊልም

ሴንት ፖል ውስጥ በዩኒቨርሲቲና በስኔሊንግ ጎዳናዎች አካባቢ የሐበሻ ሱቅ ሲባል እንጀራ፣ በርበሬ፣ የስልክ ካርድና የአማርኛ ፊልም ማለት ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ማታ ማታ ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ እሠራ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዲስክ አንድ ነው። ደንበኛ ተከራይቶ የሚወስደው ግን ከእሱ የተገለበጠ፣ ርዕሱ በማርከር የተጻፈበት ባዶ ዲስክ ነበር። የተከራዩትን ሲመልሱ፣ «ልጄ፣ አንድ ኮፒ አድርጊልኝ፤ ዴንቨር ላለችው እህቴ ልላክላት» የሚሉኝ እናቶች ነበሩ።

ማከራየቱ በራሱ ጥፋት አልነበረም። በአሜሪካ ሕግ ፊልም በዲስክ የገዛ ሰው ያንኑ ዲስክ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊሸጠውም ሊያከራየውም ይችላል። የተከለከለው መገልበጡ ነው። የሆሊውድ ዲቪዲ በምስጢር ኮድ ተቆልፎ ይሸጣል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ቁልፉን መስበርን ራሱን የቻለ ጥፋት አደረገው። 321 ስቱዲዮስ የተባለ የሚዙሪ ኩባንያ፣ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዲስክ ለመጠባበቂያ የሚገለብጥበት ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። በ2004 ፍርድ ቤት አገደው፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

እኛም ዘንድ ሕጉ ምን ያህል እንደሚከብድ ታይቷል። ሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጄሚ ቶማስ ራሴት የተባለች የሚኒሶታ እናት በኢንተርኔት ባጋራቻቸው 24 ዘፈኖች 1.92 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት፤ በእያንዳንዱ ዘፈን 80,000 ዶላር መሆኑ ነው። ዳኛ ማይክል ዴቪስ ይህን አስደንጋጭ ብለው ወደ 54,000 ዶላር አወረዱት። ክርክሩ ቀጥሎ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ222,000 ዶላር አጸናው። ይህን ወሬ ሱቅ ውስጥ ስንሰማ ከጀርባችን ያለው መደርደሪያ በተገለበጡ ዲስኮች የተሞላ ነበር፤ ጠያቂም አልነበረም።

ጠያቂ ያልነበረው በአጋጣሚ አይደለም። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ስለ ቅጂ መብት የወጣው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነትም ሆነ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አልነበረችም፤ ከአሜሪካም ጋር የቅጂ መብት ውል አልነበራትም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አገሩ ሠርቶ እዚያው በዲስክ ለገበያ ያወጣው ፊልም ሚኒሶታ ሲደርስ የሚጠብቀው ሕግ አያገኝም ነበር። አገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቶ ነበር፤ አዋጁ ግን እኛ ሱቅ ድረስ የሚመጣበት መንገድ አልነበረውም። አዲስ አበባም ብዙ አዘጋጆች የሚተማመኑት በሲኒማ ቤት ትኬት ነበር፤ ቅጂ በመፍራት ዲስኩን ያዘገዩ ነበር።

ለእህቷ አንድ ቅጂ የምትልክን እናት እኔ አልወቅሳትም። የምወቅሰው ያንኑ ፊልም ደጋግሞ ገልብጦ እያከራየ ዶላሩን በሙሉ የሚያስቀረውን ነጋዴ ነው። ለካሜራ፣ ለተዋናይና ለመብራት ሰው ከኪሱ የከፈለው አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ ነው፤ ሴንት ፖል ውስጥ ፊልሙ ስንት ቤት እንደገባ እንኳ የሚነግረው አልነበረም። አድራሻው ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ስልክ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ሽፋን ላይ ታትሞ ይመጣ ነበር። መላኪያው ቸግሮ ነው እንዳይባል፣ ሐዋላ የሚላከው ዲስኩ ከሚከራይበት ከዚያው ባንኮኒ ነበር።