የሼቭሮሌት ቦዲ፣ የቮልጋ ሞተር

ሃቫና ውስጥ የ1950ዎቹን አሜሪካ ሠራሽ መኪና ቆሞ የሚያደንቅ እንግዳ የሚያየው ቀለሙን፣ የሚያብረቀርቀውን ኒኬልና የኋላውን ክንፍ ነው። እኔ የምጠይቀው ኮፈኑ እንዲከፈትልኝ ነው። የመኪናው እውነተኛ ታሪክ ያለው እዚያ ነው፤ ዲትሮይት የተሠራ ቦዲ፣ ውስጡ ሩሲያ ወይም ጃፓን የተሠራ ሞተር፣ ከሌላ መኪና የመጣ ካምቢዮ፣ ከላዳ የተነሳ የኤሌክትሪክ መስመር። ይህን ታሪክ መጻፍ የፈለግሁት ሙያዬን የተማርኩት እነዚህን መኪኖች በሕይወት ካቆዩ ሰዎች ስለሆነና ሥራቸው የሚገባውን ያህል ሲጻፍ ስላላየሁ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኩባ የሄድኩት በልጅነቴ ነው። ከ1977–78ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የምንቆጠር ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን በጦርነቱ ያጣን፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተማርን። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕ ፍሩት እርሻ ላይ ነበርን። ሁለተኛ ደረጃን ስጨርስ ኮሜታ በሚባለው የሶቪየት ፈጣን ጀልባ ወደ ዋናው ምድር ተሻግሬ ሃቫና የአውቶ መካኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ። በክፍል የምንማረው ስለ ሶቪየት የጭነት መኪና ነበር። የቀረውን ያስተማሩኝ ሴሮ በተባለው ሰፈር ግቢያቸውን ጋራዥ ያደረጉ አንድ አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ማኤስትሮ» ይላቸው ነበር፤ እኔም ሌላ ስም አልጠራኋቸውም።

ከአብዮቱ በፊት ኩባ ለአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ቅርብ ገበያ ነበረች። ከፍሎሪዳ ጫፍ እስከ ሃቫና ያለው ባሕር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሼቭሮሌቱ፣ ፎርዱ፣ ቢዩኩ፣ ፕሊመዙ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ይዞ ይገባል፤ መለዋወጫውም አብሮት ይመጣል። በ1959 መጀመሪያ ፊደል ካስትሮ ሥልጣን ያዘ። በ1960 መገባደጃ አይዘንሃወር ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ወደ ኩባ የሚላከውን ዕቃ አገደ። በ1962 መጀመሪያ ኬኔዲ ንግዱን ጨርሶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አንዲት ካንዴላ እንኳን ከዲትሮይት በቀጥታ አልመጣችም። አዘውትሮ የሚጠቀሰው ግምት እነዚያ መኪኖች ዛሬም ወደ 60 ሺህ እንደሚደርሱ ይናገራል።

ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ሰዎች ሁሉንም ለእገዳው ይሰጡታል። እኔ ግን ግማሹን ድርሻ የምሰጠው ለኩባ የራሷ ሕግ ነው። እስከ 2011 ድረስ አንድ ኩባዊ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊሸጥና ሊገዛ የሚችለው ከአብዮቱ በፊት አገር ውስጥ የነበረን መኪና ብቻ ነበር። ላዳው፣ ሞስኮቪቹና ቮልጋው ለጎበዝ ሠራተኛ፣ ለሐኪም፣ ለኃላፊ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚሰጥ ነበርና ባለቤቱ እንደ ልቡ አይሸጠውም። ስለዚህ የአያት ሼቭሮሌት ሲሞት የሚጣል ዕቃ አልነበረም። ከነሊብሬው የሚወረስ፣ የሚሸጥ፣ እንጀራ የሚያበላ ንብረት ነው። ሞተሩ ቢያልቅ ሌላ ይገባበታል። ቦዲው ቢበሰብስ ባቲላሜራ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል። የማይተካው ወረቀቱ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ መኪና በሃቫና ሦስት ትውልድ የኖረበት ምክንያት ይኸው ነው።

እኔ በደረስኩበት ዘመን፣ በ1980ዎቹ፣ ማኤስትሮ ግቢ ውስጥ የሚገጠመው በአብዛኛው የቮልጋ ሞተር ነበር። የመጀመሪያው የሼቭሮሌት ስድስት ሲሊንደር 3.9 ሊትር የሚይዝ ጠንካራ ብረት ነው፤ ግን ፒስተኑ፣ የኮሎው ብሮንዚን፣ ጓርኒሲዮኑ ሁሉ ከየትም አይገኝም። የቮልጋ 24 ሞተር አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ 95 የፈረስ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ከአሮጌው ያንሳል፤ መለዋወጫው ግን በየመንግሥት ጋራዡ አለ። የጂፑ የዋዝ 469 ሞተርም የዚያው ዘመድ ነው።

ሞተር ማውረድና ሌላ ማስገባት ከውጭ ለሚያይ ሰው የጉልበት ሥራ ይመስላል። ዋናው ሥራ ልኬት ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ከስድስቱ አጭር ስለሆነ ከካምቢዮው ጋር ሲጋጠም ከፊት ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ቬንቲላተሩም ከራዲያተሩ ይርቃል። እንዲሁ ከተዉት በሃቫና ሙቀት ተራ ሲጠብቁ ውኃው ይፈላል። ስለዚህ ወይ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ወይ ቬንቲላተሩን የሚከብብ ቆርቆሮ ይሠራለታል። ማኤስትሮ ሁልጊዜ የሚመርጡት ራዲያተሩን መመለስ ነበር። ቆርቆሮውን እንደ ልመና ይቆጥሩት ነበር።

የአንዱ ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር ሲጋጠም በመካከሉ ቶርኖ ላይ የተሠራ ወፍራም የብረት ዝርግ ይገባል። የዚህ ዝርግ መካከለኛ ነጥብ ከኮሎው መካከለኛ ነጥብ ጋር መግጠም አለበት። ልዩነቱ በዓይን የማይታይ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ቢሆን እንኳ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ የካምቢዮው ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ማኤስትሮ ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ ቮላኖው ላይ አስደግፈው ኮሎውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ሲያዞሩ ግቢው ውስጥ ወሬ አይወራም። ከዚያ ደግሞ የሞተሩ አቀማመጥ አለ። ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘንና የዲፈረንሻሉ ማዕዘን ካልተመጣጠኑ ክሮቸራው መኪናው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይጮኻል። ብየዳው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን የ1954 እና ከዚያ በፊት ያለው ሼቭሮሌት ነበር። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተዘግቷል፤ ቱቦው ራሱ የኋላውን አክሰል ይዞ መኪናውን የሚገፋ ነው። የቮልጋ ካምቢዮ ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ ሞተር ልትቀይር ገብተህ የኋላውን አክሰልም፣ ባሌስትራው የሚታሰርበትንም ቦታ ትቀይራለህ። ኤሌክትሪኩም 6 ቮልት ነው፤ አዲሱ ሞተር 12 ይፈልጋል፤ አምፖሉ፣ ክላክሱ፣ ሞተሪኖው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። የ1955ቱ ሼቭሮሌት ግን ክፍት ዘንግና 12 ቮልት ይዞ ነው የወጣው። ሃቫና ውስጥ የ1955፣ የ1956 እና የ1957 ሼቭሮሌት እንዲህ የበዛው በውበቱ ብቻ እንዳልሆነ መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ ሌላ ሞተር ለመቀበል እንደ እሱ የሚመች የለም።

ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለኩባ በዓመት 13 ሚሊዮን ቶን ያህል ነዳጅ ይመጣላት ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቻይና ብስክሌት አስገብቶ ለሕዝቡ አከፋፈለ። የቤንዚን መኪና ቆመ። እኔ በዚያን ጊዜ አገሬ ገብቼ ነበር፤ የሰፈሩን ጭንቀት በደብዳቤ ነው የሰማሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄጄ ኮፈኖቹን ሳስከፍት የቮልጋው ዘመን አልፏል። በቦታው የገባው ናፍጣ ነው፤ ፐርኪንስ፣ መርሴዲስ፣ ፔጆ፣ ቶዮታ፣ ሃዩንዳይ። በ1993 መንግሥት የግል ሥራን በብዙ ሙያ ሲፈቅድ አሮጌዎቹ መኪኖች በተወሰነ መስመር የሚመላለሱ የጋራ ታክሲ ሆነው ነበር። አልሜንድሮን ይሏቸዋል። በዚያን ጊዜ በኔፕቱኖ ጎዳና ወደ ቬዳዶ ሰፈር የሚወጣው ሰው 10 ፔሶ ከፍሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥ ነበር። ለሹፌሩ የዕለት ገቢው የሚወሰነው በሊትሩ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ከአሮጌው ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ጋር ሲነጻጸር ፍጆታውን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል።

ናፍጣው የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። አንዱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሙያውን ጠባይ ያሳያል። በዚያ ዘመን ብዙው የአሜሪካ መኪና የዝናብ መጥረጊያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ አልነበረም፤ የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌለው ያ ቫኪዩም የለም። አዲስ ሞተር የገባለት ሼቭሮሌት የመጀመሪያው የሃቫና ዝናብ ሲመጣበት መጥረጊያው ፀጥ ይላል። ያየኋቸው ጋራዦች የላዳን መጥረጊያ ሞተር ከዳሽቦርዱ ሥር ቀብረው መልሰውታል። ፍሬኑም ከባዱን ብረትና ሞልቶ የተጫነውን ሰው እንዲችል መለወጥ ነበረበት። ሞተር ለብቻው አይቀየርም፤ አንዱን ስትነካ ሌሎቹ አሥሩ ይጠሩሃል።

ሞተር የመቀየር ሥራ በአሜሪካ ራሷም የቆየ መሆኑን መርሳት አይገባም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም በኋላም ወጣቶች አሮጌ ፎርድ ገዝተው ጉልበተኛ ሞተር ያስገቡበት ነበር። ሼቭሮሌት በ1955 ትንሹንና ቀላሉን 4.3 ሊትር ቪ8 ሲያወጣ ደግሞ ያ ሞተር ለማንኛውም አሮጌ መኪና መድኃኒት ሆነ። እዚያ የሚፈለገው ፍጥነት ነበር። ሃቫና ያንኑ ቦዲ ይዛ በተቃራኒው ሄደች፤ ጉልበት ቀንሳ ዕድሜ ገዛች።

ዛሬ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ሞተሩና ሻንሲው ከፋብሪካ በወጡበት ቁጥር ካልተገኙ የመኪናውን ዋጋ ይቀንሱታል። የኩባዎቹንም የተበላሹ ናቸው ይሏቸዋል። በዚህ ፍርድ ፈጽሞ አልስማማም። ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ሼቭሮሌት የሚነግረን ስለ 1955 ዓመት ብቻ ነው። የማኤስትሮ ሼቭሮሌት ስለ 1955፣ ስለ እገዳው፣ ስለ ሶቪየት ወዳጅነት፣ ሶቪየት ከፈረሰ በኋላ ስለመጣው የችግር ዘመንና ስለ ሹፌሩ ልጆች ቁርስ ይናገራል። በ2014 መጀመሪያ መንግሥት አዳዲስ መኪና ለማንም ሰው መሸጥ ሲጀምር አንድ ፔጆ 508 ላይ የተለጠፈው ዋጋ 262 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ዋጋ ፊት የቆመ ኩባዊ የአያቱን መኪና ይዞ ወደ ጋራዥ መመለሱ የሚያስከብረው ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ላዳውም፣ ቮልጋውም፣ ዋዙም በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ገብተዋል። እኔም ስመለስ እጄ የሚያውቀውን ሞተር ነው እዚህ ያገኘሁት። በኋላ በጋራዤ ለአሮጌ ላንድሮቨር የቶዮታ ናፍጣ ስገጥም ዝርጉን ያስለካሁት ማኤስትሮ ባሳዩኝ መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ ባለው የመለዋወጫ ሰፈር በሶማሌ ተራ ደግሞ እኔን የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አግኝቻለሁ። መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ደጃችን ደርሷል። አሮጌዋ ቮልስዋገን ቢትል ለምሳሌ ሞተሯ በአራት ብሎን ብቻ ከካምቢዮው ጋር የታሰረ ነው፤ ራሱ ፋብሪካው በ2019 ከአንድ አጋር ድርጅት ጋር 60 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተርና 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ገጥሞባት አሳይቷል። አሮጌው ካምቢዮ እንዲቆይ ከተፈለገ በእሱና በአዲሱ የኤሌክትሪክ ሞተር መካከል የሚገባው ያው የብረት ዝርግ ነው፤ ልኬቱም ያው ነው።

ይህን ሥራ የሚያውቁት አንጋፋ መካኒኮቻችን እያረጁ ነው። የለኩት ልኬት፣ የሳሉት ዝርግ፣ የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ እንደሚስማማ ያወቁት በጭንቅላታቸው ብቻ ነው ያለው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ደብተርና መለኪያ አስይዛችሁ ወደ እነዚህ ጋራዦች ላኩ። የአሮጌ መኪና ባለቤቶችም ሞተር ስትቀይሩ የወረደውን አትሽጡት፤ ቁጥሩን፣ የገጠመላችሁን ባለሙያ ስምና የተለወጠውን ዕቃ ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አኑሩት።